ክርስትና ለምን በነቢያት ላይ ቆመ? ስለ ጥንቱ ትንቢት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስንወጣ አራት ኪሎ እንገናኛለን። አንድ ካፌ ውስጥ ጥግ ይዘን፣ ሻይና ማኪያቶ አዝዘን መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን። ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም፣ ካቶሊክም አለን። ዓመቱን ሙሉ ያነበብነው ነቢያትን ነው። ጎናችን የሚቀመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዳንዴ ወንበራቸውን አዙረው ይጠይቁናል። ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ ቢሮ ምሳ ሰዓት ላይም የሚነሣው ጥያቄ ያው ነው። እዚህ የሰበሰብኩት እነዚያን ነው። መልሱ የእኔ ነው፤ ጥቅሱን ግን እያወጣችሁ ራሳችሁ አንብቡት።

ነቢይ ማለት የወደፊቱን የሚያውቅ ሰው አይደለም እንዴ?

እሱ ብቻ አይደለም። ነቢይ መጀመሪያ የሌላ አፍ ነው። ዘጸአት 7 ላይ እግዚአብሔር ሙሴን ወንድምህ አሮን ነቢይ ይሆንልሃል ይለዋል። ሙሴ ይናገራል፣ አሮን ለፈርዖን ያደርሳል። የእግዚአብሔር ነቢይም እንደዚሁ የተባለውን ያደርሳል።

የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዛሬ ነው። አሞጽ የሚጮኸው መስፈሪያውን አሳንሰው፣ ዋጋውን ከፍ አድርገው፣ በሐሰተኛ ሚዛን በሚሸጡ ነጋዴዎች ላይ ነው። ኢሳይያስ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ለድሀ አደጉ ፍረዱለት፣ ስለ መበለቲቱ ተሟገቱ ይላል። የወደፊቱ ነገር የሚመጣው ከዚህ መሀል ነው። ካልተመለሳችሁ ፍርድ አለ፤ እግዚአብሔር ግን ኪዳኑን አይረሳም፤ የሚመጣ አለ። ይህን ሳይዝ የሚያነብ ሰው የነቢያትን መጽሐፍ ኮከብ ቆጠራ ያደርገዋል።

እምነት የልብ ነገር ነው። ትንቢት ምን ያደርግልናል?

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች አዲስ ኪዳን በእጃቸው አልነበረም። የነበራቸው ኦሪት፣ ነቢያትና መዝሙራት ነው። ጴጥሮስ በጰንጠቆስጤ ቀን ቆሞ ሲሰብክ የጠቀሰው ኢዩኤልንና ዳዊትን ነው። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ የወንጌሉን ፍሬ ነገር ሲያስቀምጥ፣ ክርስቶስ መሞቱንና መነሣቱን ተናግሮ ሁለት ጊዜ "መጽሐፍ እንደሚል" ይላል። አንድ ጊዜ አልበቃውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ጴጥሮስ ነው። በተራራው ላይ የጌታን ክብር በዓይኑ አይቷል፣ ድምፁን በጆሮው ሰምቷል። እንዲያም ሆኖ በሁለተኛ መልእክቱ ላይ ያየውን ከተረከ በኋላ "እጅግ የጸና የትንቢት ቃል አለን" ይላል። በጨለማ ስፍራ እንደሚበራ መብራት ነው ይለዋል። ያየ ሰው ላላየነው ያሳየን መጽሐፉን ነው።

ትንቢት ብቻውን መሠረት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ኤፌሶን 2፥20 በትክክል ያስቀምጠዋል፦ በሐዋርያትና በነቢያት መሠረት ላይ ታንጸናል፤ የማዕዘኑ ራስ ድንጋይ ክርስቶስ ራሱ ነው።

ትንቢቱ ነገሩ ከሆነ በኋላ ተጽፎ ቢሆንስ? በምን እናውቃለን?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደግሞም ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

በ1947 (እ.ኤ.አ.) ሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን በሚባለው ቦታ፣ የበዱዊን እረኞች አንድ ዋሻ ውስጥ ገቡ። ውስጡ የሸክላ ማሰሮዎች ነበሩ። ማሰሮው ውስጥ የቆዳ ጥቅልሎች ተገኙ። ከነሱ አንዱ የኢሳይያስ መጽሐፍ ነው፤ 66ቱም ምዕራፍ። 17 ቆዳ ተሰፍቶ የተያያዘ ነው፤ ሲዘረጋ ከ7 ሜትር ይበልጣል፤ 54 ዓምድ ጽሑፍ አለው። ምሁራን የፊደሉን ቅርጽ መርምረው፣ ቆዳውም በካርቦን ተለክቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የተጻፈ መሆኑ ታውቋል። ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ ተጠብቆ አለ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ከዚያ በፊት በእጅ ላይ የነበረው ከሁሉ የቆየው ሙሉ የዕብራይስጥ ብሉይ ኪዳን የተጻፈው በ1008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ነበር። ስለዚህ በመካከሉ ማን ምን ጨመረ፣ ማን ምን ቀነሰ ብሎ መጠርጠር ይቻል ነበር። የቁምራኑ ጥቅልል ያንን ክፍተት በአንድ ጊዜ ከ1,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ገፋው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ልዩነት የለም አልልም። አለ። አብዛኛው የፊደል አጻጻፍ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቃል ይለያል። ለምሳሌ 53፥11 ላይ ጥቅልሉ "ብርሃን" የሚል ቃል አለው፤ በኋለኛው የዕብራይስጥ ቅጂ ላይ ግን ቃሉ የለም። ስለ በደላችን የደቀቀው፣ እንደ ጠቦት ለመታረድ የተነዳው፣ አፉን ያልከፈተው ባሪያ ግን ሁለቱም ላይ አለ።

ኢሳይያስ ራሱ መቼ ጻፈ፣ መጽሐፉ በአንድ ሰው እጅ ተጻፈ ወይስ በብዙ የሚለው ክርክር አለ። ብዙ ምሁራን ከምዕራፍ 40 ጀምሮ ያለውን በባቢሎን ምርኮ ዘመን ያደርጉታል። ክርክሩን አልንቀውም። ግን ለጥያቄያችን የሚያመጣው ለውጥ የለም። የትኛውንም ብትቀበሉ ምዕራፍ 53 ከቀራንዮ በፊት በብዙ መቶ ዓመት ተጽፏል። ቆዳው ራሱ ከቤተ ልሔም ይቀድማል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። በእነዚያው ዋሻዎች የመጽሐፈ ሄኖክና የመጽሐፈ ኩፋሌ ቁርጥራጮችም ተገኝተዋል፤ ሄኖክ በአራማይክ፣ ኩፋሌ በዕብራይስጥ። ሁለቱንም መጻሕፍት ሙሉ ሆነው ለዓለም ያቆየው ግዕዛችን ነው። አባቶች በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲገለብጡ የኖሩት መጽሐፍ፣ ቁርጥራጩ ሙት ባሕር ዳር ተገኘ። ቅጂ እየተገለበጠ ሲሄድ ሁሉ ይጠፋል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

ኢሳይያስ 53 ስለ ኢየሱስ ነው? አይሁድ ስለ እስራኤል ሕዝብ ነው አይሉም?

ይላሉ፤ ያሉትም ከባዶ ተነሥተው አይደለም። እዚያው መጽሐፍ ላይ 49፥3 "እስራኤል ሆይ፣ አንተ ባሪያዬ ነህ" ይላል። በ11ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታላቁ መምህር ራሺም ምዕራፉን ስለ ሕዝቡ ተርጉሞታል። ከአይሁድ ጎረቤት ጋር የሚነጋገር ክርስቲያን ይህን ማወቅ አለበት። "ግልጽ አይደለም ወይ!" ብሎ መጮህ መልስ አይሆንም።

እኔ ግን እንዲህ አነበዋለሁ። ሦስት ቁጥር ዝቅ ብላችሁ 49፥6ን ስታነቡ፣ ባሪያው የያዕቆብን ነገዶች የሚያስነሣ ሆኖ ይመጣል። ሕዝቡን የሚያስነሣ ከሆነ ከሕዝቡ የተለየ አንድ ሰው ነው። 53፥8 ላይ ስለ ሕዝቤ ኃጢአት ተመታ ይላል። 53፥9 ላይ በአፉ ተንኰል አልተገኘም ይላል። ያው ኢሳይያስ በምዕራፍ 1 ሕዝቡን ኃጢአተኛ ወገን ብሎታል። ስለዚህ በደል የሌለበት አንድ ሰው በደል ላለበት ሕዝብ ይሞታል። በአይሁድ ዘንድም የጥንቱ የአራማይክ ትርጉም 52፥13 ላይ "ባሪያዬ መሲሕ" ብሎ አንብቦታል፤ መከራውን ግን ወደ ሌሎች አዙሮታል።

ጥያቄውን ደግሞ መጀመሪያ የጠየቀው ማን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? የእኛው ሰው ነው። ሐዋርያት ሥራ 8። የህንደኬ ንግሥት የገንዘብ ሹም፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ያለበት ቦታ ይኸው ምዕራፍ ነው። ፊልጶስ "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ብሎ ሲጠይቀው አላፈረም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ። ቀጥሎም "ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ?" አለ። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ምሁራን ዛሬም የሚከራከሩት በዚሁ ጥያቄ ነው። ፊልጶስም ለምን ጠየቅህ አላለውም። ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ነገረው።

ኢየሱስ ትንቢቱን ያውቅ ነበር። ሆን ብሎ አስመስሎ ቢፈጽመውስ?

አንዳንዱን በእርግጥ ሆን ብሎ ነው የፈጸመው። ዘካርያስ 9፥9 ንጉሥሽ ትሑት ሆኖ በአህያ ላይ ይመጣል ይላል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ልኮ ውርንጫዋን አስፈትቶ አስመጣ። በየዓመቱ ሆሳዕና ስናከብር፣ ዘንባባውን ጣታችን ላይ እንደ ቀለበት፣ ራሳችን ላይ እንደ አክሊል ስናስር የምናስበው ይህን ነው። እኔ ነኝ ማለቱ ነበር፤ ሕዝቡም ገብቶት ጮኸ።

የት እንደሚወለድ ግን ማንም አይመርጥም። ወታደሮች ልብሱ ላይ ዕጣ እንዲጣጣሉ የሚሰቀል ሰው አያዝም። ለመሰቀል ደግሞ ማን ያስመስላል?

ወንጌላውያኑ ታሪኩን ከትንቢቱ ጋር እንዲገጥም አስተካክለው ጽፈው ቢሆንስ?

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። አንድ የሕግ ተማሪ ካፌው ውስጥ ያነሣብኝ ቀን ቶሎ አልመለስኩለትም። ሳምንቱን ሙሉ ማቴዎስን እንደገና አነበብኩ።

ያገኘሁት ይህ ነው። ታሪክ ከትንቢት ፈጥሮ የሚጽፍ ሰው ቀላሉን ይመርጣል። የሚገጥመውን ጥቅስ ያወጣል፣ በልኩ ታሪክ ይሰፋለታል። ማቴዎስ ግን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የሚያስቸግር ጥቅስ ነው። "ናዝራዊ ይባላል" ተብሎ በነቢያት ተነገረ ይላል፤ ይህ ቃል በቃል የትም የለም። የሠላሳውን ብር ነገር የኤርምያስ ነው ይላል፤ ቃሉ የሚቀርበው ግን ለዘካርያስ 11 ነው። ከትንቢት ተነሥቶ የሚፈጥር ሰው ይህን ለምን ያደርጋል? የሚመስለኝ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ነገሩ ሆነ፤ ከናዝሬት መምጣቱ የታወቀ ነበርና ዝም ብለው ሊያልፉት አልቻሉም። ከዚያ ተመልሰው መጻሕፍትን መረመሩ።

ሁለተኛ፣ የሚሰቀል መሲሕ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ጳውሎስ ራሱ ለአይሁድ ማሰናከያ፣ ለግሪክ ሞኝነት ነው ይላል። ሰው እንዲቀበለኝ ብሎ የሚፈጥር እንዲህ ያለ ነገር አይፈጥርም። ስቅለቱ ደግሞ ከወንጌል ውጭም ተመዝግቧል። ክርስቲያኖችን የማይወደው ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ፣ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እጅ መገደሉን ጽፏል።

ሆሴዕ "ልጄን ከግብፅ ጠራሁት" ሲል ስለ እስራኤል መውጣት እኮ ነው። ማቴዎስ እንዴት ለኢየሱስ አደረገው?

እውነት ነው፤ ሆሴዕ 11፥1 ስላለፈ ነገር ነው የሚናገረው። እስራኤል ሕፃን በነበረ ጊዜ ወደድሁት ይላል። ማቴዎስ ይህን አያውቅም ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ መጽሐፉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ሰምና ወርቅ ታውቃላችሁ። ሰሙ ውሸት አይደለም፤ የራሱ ትርጉም አለው። ወርቁ ደግሞ ከዚያው ቃል ውስጥ ይወጣል። ሰሙ እስራኤል ነው፦ ከግብፅ ወጣ፣ ምድረ በዳ ገባ፣ እዚያ ወደቀ። ወርቁ ክርስቶስ ነው፦ ከግብፅ ወጣ፣ ምድረ በዳ ገባ፣ እዚያ ድል ነሣ። ማቴዎስ ምዕራፍ 2፣ 3ና 4ን በአንድ ላይ ስታነቡት ይሄ መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ፍጻሜ ሲባል አስቀድሞ የተነገረው ሆነ ማለት ብቻ አይደለም። የተጀመረው ሞላ ማለትም ነው።

ኢሳይያስ 7፥14 "ድንግል" ነው የሚለው ወይስ "ወጣት ሴት"?

የዕብራይስጡ ቃል "ዓልማ" ነው፤ ለጋብቻ የደረሰች ወጣት ማለት ነው። ከክርስቶስ በፊት መጽሐፉን ወደ ግሪክ የተረጎሙት አይሁድ "ፓርቴኖስ" አሉት፣ ድንግል። ግዕዙም ከግሪኩ ስለተተረጎመ "ናሁ ድንግል ትፀንስ" ይላል። ምልክቱ መጀመሪያ የተሰጠው ለንጉሥ አካዝ ነው፤ በእሱ ዘመንም ትርጉም ነበረው። ከላይ ያልኩት ሰምና ወርቅ እዚህም ይሠራል። ድንግል የሚለውን ቃል ክርስቲያኖች አልጨመሩትም። ይህን ያህል ማወቅ በቂ ይመስለኛል።

በኢየሱስ የተፈጸሙት ትንቢቶች ከ300 በላይ ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

እንደ ቆጣሪው ነው። ጥላና ምሳሌውን ሁሉ ከቆጠራችሁ ይበዛል፤ ቀጥተኛውን ብቻ ከቆጠራችሁ ያንሳል። እኔ ቁጥሩን መጥቀስ ትቻለሁ። አንድ ሰው በአጋጣሚ ይህን ሁሉ የመፈጸም ዕድሉ ይህን ያህል ነው የሚለውን የሒሳብ ስሌትም አልጠቀምበትም። አንድ ምዕራፍ አብሮ ማንበብ ከመቶ ጥቅስ ዝርዝር ይሻላል።

"ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" የሚለውስ ትንቢት ነው?

መዝሙር 68፥31 ነው። በልጅነታችን በቃላችን ያጠናነው፣ ታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፎ የምናየው ቃል ነው። የዕብራይስጡ "ኩሽ" ይላል፤ ግሪኩ "ኢትዮጵያ" አለው። በዚያን ጊዜ ስሙ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር፣ የዛሬውን ሱዳንም ጭምር ይይዛል። መዝሙሩ አሕዛብ ሁሉ ለእግዚአብሔር እጅ መንሻ ይዘው ሲመጡ ያሳያል። የዛሬውን ድንበራችንን ብቻ ለማክበር የተነገረ አድርገን ብንወስደው እናጠበዋለን። ያ ጃንደረባ ሠረገላው ላይ መጽሐፉን ዘርግቶ ሲጠይቅ ግን እጅ መዘርጋቱ መጀመሩን አየሁ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ጾመ ነቢያት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ሁሉ ነገር። ኅዳር 15 ገብቶ በገና የሚፈታው ጾም ነቢያቱ የክርስቶስን መምጣት ሲጠብቁ የጾሙት መታሰቢያ ነው። ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶችም ስም አላቸው፦ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። ነቢያቱ ይመጣል ብለው መስበካቸው፣ ብርሃንህን ላክ ብለው መለመናቸው፣ እረኛችን ሆይ ስማን ብለው መጮሃቸው ነው። በእነዚያ ሳምንታት ፒያሳ ሱቆቹ የገና መብራት መስቀል ሲጀምሩ እኔ ብርሃን እሑድን አስባለሁ። ጴንጤ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ብዙዎቹ በመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ወደዱት።

ዛሬ በየመድረኩ ነቢይ ነኝ የሚሉትስ?

ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል። ከዓመታት በፊት ሥራ አጥቼ በነበረ ጊዜ አንድ ሰው በስሜ ጠርቶ፣ በሦስት ወር ውስጥ ቪዛህ ይመጣል፣ ዘር ዝራ አለኝ። የተበደርኩትን ሰጠሁ። ሦስት ወሩ አለፈ፣ ዓመቱም አለፈ። ገንዘቡ አይደለም የጎዳኝ። ለብዙ ጊዜ ኢሳይያስን እንኳ መክፈት አስጠላኝ።

የመለሰኝ ሚክያስ ነው። ቤተ ልሔምን በስም የጠራው ያው ሚክያስ፣ ከዚያ ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ 3፥11 ላይ "ነቢያቶችዋም በገንዘብ ያምዋርታሉ" ይላል። ይህ ነገር አዲስ አይደለም ማለት ነው። ኤርምያስ 28ንም አንብቡ። ሐናንያ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኛው ይመለሳል ብሎ በቤተ መቅደስ ፊት ተናገረ። ሕዝቡ መስማት የሚፈልገውን ነበር። ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት ነው አለ፤ ለምርኮኞቹም ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ ብሎ ጻፈላቸው። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

መመዘኛው ተሰጥቶናል። ዘዳግም 18፥22 የተናገረው ካልሆነ እግዚአብሔር አልተናገረውም፣ አትፍራው ይላል። ተሰሎንቄ ደግሞ ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ፈትኑ ይላል። ሁለቱንም ያዙ። የሚፈትነውን ሰው የሚቆጣ ነቢይ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

የዓለም መጨረሻ መቼ ነው? ዳንኤል ላይ ተሰልቶ ይገኛል ይላሉ።

ማቴዎስ 24፥36። ያችን ቀን ከአብ በቀር የሚያውቃት የለም።

ከየት ልጀምር?

ከሉቃስ 24 ጀምሩ። ጌታ ለሁለቱ የኤማሁስ መንገደኞች ከሙሴና ከነቢያት ጀምሮ ሲተረጉምላቸው ታገኛላችሁ። ቀጥሎ ሐዋርያት ሥራ 8። ከዚያ ኢሳይያስን፤ ግን ከ53 መጀመሪያ ሳይሆን ከ52፥13 ጀምሩ፤ ነገሩ የሚነሣው እዚያ ነው። ሚክያስን ሙሉውን አንብቡ፤ ሰባት ምዕራፍ ብቻ ነው፣ አንድ ምሽት ይበቃዋል።

በመጨረሻ መዝሙር 22። የጌታ የመስቀል ላይ ጩኸት የዚህ መዝሙር የመጀመሪያ መስመር ነው። የግዕዙን ዳዊት የምትይዙ ከሆነ ቁጥሩ አንድ ዝቅ ይላል፤ 21 ላይ ነው የምታገኙት። ብዙዎች 22ን ከፍተው "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" ሲመጣባቸው ግራ ይገባቸዋል። ዓርብ ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ከዋላችሁ ደግሞ ጆሯችሁ ያውቀዋል፦ ቀነዉኒ እደውየ ወእገርየ። እጆቼንና እግሮቼን ቸነከሩኝ።